ብሌድ ወይስ ፒራን? በአንዲት ትንሽ አገር የሐይቅና የባሕር ምርጫ

በሰኔ ወር ብሌድ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የሐይቁን ዳር ይዞ በሚዞረው መንገድ ላይ የሚታዩት ጥቂት ሯጮች፣ ውሻቸውን ይዘው የወጡ የአካባቢው ሰዎችና ለፎቶ የማለዱ እንግዶች ናቸው። ከሰሜን ዳርቻ በገደል አናት ላይ አሮጌ ግንብ ቆሟል። ከሐይቁ መካከል በዛፍ የተሸፈነች ትንሽ ደሴት አለች፤ ከዛፎቹ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ይታያል። በምሊኖ መንደር በኩል ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ጣራቸው ሸራ የሆኑ የእንጨት ጀልባዎች ታስረው ይጠብቃሉ። ፕሌትና ይባላሉ። ረፈድ ሲል ቀዛፊዎቹ ይመጣሉ። ቀዛፊው ከጀልባው ኋላ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ሁለት መቅዘፊያ ይዞ፣ ሃያ ያህል ሰው ወደ ደሴቲቱ ያሻግራል። ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ስለማይፈቀድ የሚሰማው የመቅዘፊያ ድምፅ ብቻ ነው።

በዚያው ዕለት ምሽት፣ ከዚያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ፒራን በምትባል ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ዳር ይወጣል። ፀሐይ አድሪያቲክ ባሕር ውስጥ የምትጠልቀው ምሽት 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ወጣቶች ከድንጋዩ ላይ ይዘላሉ፤ አሮጊቶች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይጫወታሉ፤ የአሣ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛዎች እስከ ባሕሩ አፋፍ ድረስ ይሞላሉ። ከአንዱ ጠረጴዛ ስሎቬንኛ፣ ከሌላው ጣልያንኛ ይሰማል። ከኋላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ የሚቸገርባቸው መተላለፊያዎች ወደ ኮረብታው ይወጣሉ።

ሁለቱም ቦታዎች በአንድ አገር፣ በስሎቬኒያ ውስጥ ናቸው። ስሎቬኒያ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና 2.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት፣ ከኢትዮጵያ ከ50 ጊዜ በላይ የምታንስ አገር ናት። ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። የጉዞ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የሚፈተነውም በዚህ ቅርበት ነው። አራትና አምስት ሌሊት ብቻ ያለው ቤተሰብ ካርታውን ዘርግቶ «ሁለቱንም እንይ» ይላል፤ ግማሹን ቀን ሻንጣ በማሰርና በመፍታት፣ ግማሹን መኪና ማቆሚያ በመፈለግ ይጨርሳል። አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። መምረጥ ያስፈልጋል። ለመምረጥ ደግሞ «የትኛው ያምራል?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሁለቱም ያምራሉና። የሚጠቅመው እያንዳንዳቸው ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተሠሩ ማወቅ ነው።

(በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳ ያበጀው ሐይቅ

የብሌድ ሐይቅ የበረዶ ግግር ልጅ ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ከቦሂን ሸለቆ የወረደው ግግር መሬቱን ፈልፍሎ ሲያፈገፍግ የተወው ጎድጓዳ ውሃ ሞላበት። ከባሕር ጠለል በላይ 475 ሜትር ላይ ይገኛል። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ወርዱ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 30 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን በእግር መዞር 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሕፃን በጋሪ የሚገፋም፣ ምርኩዝ የያዘም ይዘልቀዋል።

በጽሑፍ የታወቀው ታሪኩ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ነው። የጀርመን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1004 አካባቢውን ለብሪክሰን ጳጳስ ሰጠ፤ በገደሉ ላይ ያለው ግንብ ደግሞ በ1011 በሰነድ ተጠቅሷል። ከሐይቁ 130 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለቆመ ከየትኛውም ማዕዘን ይታያል። ብሌድን ዛሬ የምናውቃት የእንግዳ ከተማ ያደረጋት ግን ከጳጳስና ከንጉሥ ይልቅ አንድ ስዊዘርላንዳዊ ነው።

በ1823 የተወለደው አርኖልድ ሪክሊ ሐኪም ሳይሆን በተፈጥሮ ፈውስ የሚያምን ሰው ነበር። በ1850ዎቹ ብሌድ መጥቶ ሕክምና ቤት ከፈተ። መድኃኒቱ ውሃ፣ አየርና የፀሐይ ብርሃን ነበር። ታካሚዎቹ ማልደው ተነሥተው ስስ ልብስ ለብሰው ኮረብታ ይወጣሉ፤ በባዶ እግራቸው ጤዛ ላይ ይሄዳሉ፤ ሰውነታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ፤ ምግባቸው ቀላል፣ ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። ልብስ ደራርቦ በጥላ ሥር መቀመጥ ጨዋነት በነበረበት ዘመን ይህ ድፍረት ነው። ሰዎች ግን መጡ። በ1870 ባቡር በአቅራቢያው ወዳለችው ሌስትሴ ሲደርስ የመጡት በዙ፤ በ1906 ሌላ የባቡር መስመር ከሐይቁ በላይ ጣቢያ ከፈተ። ሪክሊ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ እንግድነቱ ማዕረግ እየያዘ ሄደ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የዩጎዝላቪያ ንጉሣውያን በጋቸውን እዚህ ያሳልፉ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ቲቶ በሐይቁ ደቡባዊ ዳር መኖሪያ አሠሩ፤ የውጭ መሪዎችንም ተቀበሉበት። ያ ቤት ቪላ ብሌድ ይባላል፤ ከ1984 ጀምሮ ሆቴል ነው። የዓለም የቀዘፋ ሻምፒዮና በ1966፣ በ1979፣ በ1989ና በ2011 በዚሁ ሐይቅ ላይ ተካሂዷል። የብሌድ መለያ የሆነው ኬክ እንኳ ለእንግዳ የተፈጠረ ነው። ተቀርጥፎ በሚበላ ስስ ቂጣ መካከል የእንቁላል ክሬምና የተመታ ክሬም የተደረደረበት፣ በሁሉም ጎኑ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ኬክ በ1953 በአንድ ሆቴል ማእድ ቤት መልኩን ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ብሌድ መጥቶ ሳይቀምሰው የሚሄድ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በብሌድ መንገዱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የመዋኛ ስፍራው፣ ጀልባውና ምግቡ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ሆኖ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲስተካከል ኖሯል። እንግዳ መቀበል የከተማዋ ዋና ሙያ ነው። ለዚህ ነው የደከመ ሰው እዚያ ሲደርስ ትከሻው የሚላላው። ምንም ማሰብ አይጠበቅበትም፤ መንገዱ ራሱ ይዞት ይዞራል።

ውሃው የሚሞቅበትና የሚታመምበት ምክንያት

ብሌድ ከአልፕስ ሐይቆች ሁሉ ለመዋኛ ከሚመቹት አንዱ ነው። ትልቅ የተራራ ወንዝ ስለማይገባበት ውሃው በበጋ በቀላሉ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሰሜን ምሥራቅ ዳር ለብ ያለ ምንጭም አለው። ይሁን እንጂ ለዋናተኛ ደግ የሆነው ይህ ጠባዩ ለሐይቁ ለራሱ ፈተና ነው። አዲስ ውሃ እያስገባ አሮጌውን የሚያወጣለት ወንዝ ስለሌለ፣ ከቤቶች፣ ከእርሻና ከመንገድ የሚወርደው ንጥረ ነገር ሁሉ ውስጡ ይቀራል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሐይቁ በአልጌ መሸፈን፣ ታችኛው ውሃም ኦክስጅን ማጣት ጀመረ።

የአገሬው ሰዎች ዝም ብለው አላዩም። በ1964 ከራዶቭና ወንዝ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ በቦይ አስገቡ። ያ ብቻውን ስላልበቃ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ወለል ኦክስጅን ያጣውን ውሃ እየመጠጠ የሚያስወጣ ቧንቧ ዘረጉ። የፍሳሽ መስመሮችም ተሻሻሉ። ሐይቁ አገገመ፤ ጥበቃው ግን ዛሬም አላበቃም። ጣናን ከእምቦጭ ለማዳን የሚደረገውን ትግል የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም። ፖስት ካርድ ላይ እንደተፈጥሮ ስጦታ ብቻ የሚታየው ሰማያዊ ውሃ፣ በየዓመቱ የሚደከምለት የሰው ሥራም ጭምር ነው። የሞተር ጀልባ መከልከሉ፣ በተፈቀደው ቦታ ብቻ መዋኘቱ እንግዳን ለማስጨነቅ የወጣ ደንብ እንዳልሆነ ይህን ያወቀ ሰው ይገባዋል።

በጨው የቆመች ከተማ

ፒራን የተነሣችው ከሌላ ነገር ነው። የስሎቬኒያ የባሕር ጠረፍ ርዝመት በጠቅላላው 47 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያች ጠረፍ ላይ እንደ ጣት ሹል ብሎ ወደ ባሕሩ በሚገባ መሬት ላይ ቤቶቹ ተጠጋግተው ቆመዋል። ቦታው የተመረጠው ለውበቱ አይደለም፤ በሦስት በኩል ባሕር፣ በአራተኛው በኩል የከተማ ቅጥር ስላለው ለመከላከል ይመቻል። ከ1283 እስከ 1797 ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ከተማዋ የቬኒስ ሪፐብሊክ ግዛት ነበረች። ቬኒስ ከፒራን የምትፈልገው ዋናው ነገር ጨው ነበር።

ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በክሮኤሺያ ድንበር አጠገብ፣ የሴቾቭሊየ የጨው ኩሬዎች አሉ። እዚያ ጨው መሥራት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ሙያ ነው። አሠራሩ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የባሕር ውሃ በቦይ ገብቶ ከአንዱ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። በየደረጃው ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ያተንኑታል፤ ጨውነቱ እየጠነከረ ይሄዳል። በመጨረሻው ኩሬ ላይ ጨው ይረጋል፤ ሠራተኞች በረጅም የእንጨት መሰብሰቢያ እየጠረጉ ይከምሩታል። የዚህ ቦታ ምስጢር ፔቶላ የሚባለው፣ በኩሬው ወለል ላይ በጥንቃቄ የሚያሳድጉት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሕይወት ያለው ንጣፍ ነው። ደቃቅ ሕዋሳትና ማዕድናት ተያይዘው የሚሠሩት ይህ ንጣፍ ጨውን ከጭቃው ስለሚለየው ጨዉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዘዴውን የፒራን ሰዎች በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከፓግ ደሴት እንደተማሩት ይነገራል።

በድሮ ጊዜ የሥራው ወቅት የሚቆጠረው በቅዱሳን በዓላት ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ሲደርስ ቤተሰቦች ዕቃቸውን በጀልባ ጭነው ከፒራን ወደ ጨው ኩሬዎቹ ቤቶች ይሄዳሉ፤ በነሐሴ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቀን ሲሆን ይመለሳሉ። ልጆች በኩሬዎቹ መካከል ያድጉ ነበር። ሚያዝያ 23ን በሚያከብር አገር ለሚኖር ሰው፣ የአሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ሲዘዋወር እንደነበረ ከአያቶቹ ለሰማ ሰው፣ ይህ የጨውና የበዓል አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት በፋብሪካ የሚመረት ርካሽ ጨው በዛ። ከሁለቱ የኩሬ ቦታዎች አንዱ፣ ፎንታኒጀ፣ በ1960ዎቹ ሥራ አቆመ፤ ዛሬ የጨው ሠሪዎቹን ኑሮ የሚያሳይ ሙዚየም አለበት። ሌራ በሚባለው ግን እስከ ዛሬ በጥንቱ መንገድ ጨው ይሠራል። ቦታው በ1993 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እንዲሉ፣ የፒራን ጨው ከመጣል የዳነው ጣዕሙን ጠብቆ ነው።

ዛሬ አደባባይ፣ ትናንት ወደብ

የፒራን መሃል የታርቲኒ አደባባይ ነው። ነጭ ድንጋይ የተነጠፈበት ክብ መሰል ሜዳ ላይ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፤ ወላጆች ከዳር ቡና ይጠጣሉ። እስከ 1894 ይህ ቦታ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚቆምበት ትንሽ ወደብ ነበር። ፍሳሽ ስለሚወርድበትና ስለሚሸት በአፈር ተሞላ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመካከሉ የጁሴፔ ታርቲኒ የነሐስ ሐውልት ቆመ። ታርቲኒ በ1692 በዚህች ከተማ ተወልዶ በፓዱዋ የኖረ፣ «የሰይጣን ትሪል» በሚባለው ሶናታው የታወቀ የቫዮሊን ሊቅ ነው። የተወለደበት ቤት አሁንም አደባባዩ ዳር አለ።

ከአደባባዩ ጥግ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ቀይ ቤት አለ። አንድ የቬኒስ ነጋዴ ለወደዳት የፒራን ልጅ አሠራው ይባላል። ሐሜቱ ሲበዛባቸው «ይበሉ፣ ይናገሩ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ በግድግዳው ላይ አስቀረጸ። በትንሽ ከተማ ኖሮ የጎረቤት ምላስ ያቃጠለው ሰው ሁሉ ያ ድንጋይ ሲያስቀው ይኖራል።

የከተማዋ ዕጣ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። በ1910 ፒራን ውስጥ የተወለደና ከቤቱ ሳይወጣ የኖረ ሰው፣ ሲወለድ የኦስትሪያ ሐንጋሪ፣ በወጣትነቱ የጣልያን፣ ከጦርነቱ በኋላ በዩጎዝላቪያ ጦር የሚተዳደር ነጻ ግዛት፣ ከ1954 በኋላ የዩጎዝላቪያ፣ ዕድሜ ቢሰጠው ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የነጻዪቱ ስሎቬኒያ ሰው ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት አብዛኞቹ ጣልያንኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ጣልያን ሄዱ። ሌሎች ከአገር ውስጥ መጥተው ተተኩ። ዛሬ በመንገድ ስም ሰሌዳዎች ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚጻፉት ለጌጥ አይደለም፤ የቀሩት ጣልያንኛ ተናጋሪዎች በሕግ የተረጋገጠ መብት ስላላቸው ነው።

የሕዝብ መፈራረቅ ያየች ይህች ከተማ በ2010 ፒተር ቦስማን የሚባል ሐኪም ከንቲባዋ አድርጋ መረጠች። ቦስማን የተወለደው ጋና ነው፤ በዩጎዝላቪያ ዘመን ለሕክምና ትምህርት መጥቶ በዚያው ቀረ። እስከ 2018 ከተማዋን መራ። ዩጎዝላቪያ ለአፍሪካ ተማሪዎች በሯን የከፈተችው ከገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ ጋር በተያያዘ ፖለቲካዋ ነው። ኢትዮጵያም የዚያ ታሪክ አካል ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎብኝተዋል፤ ቲቶ በ1955 መጨረሻ አዲስ አበባ መጥተዋል፤ በ1961 በቤልግሬድ በተደረገው የገለልተኞች ጉባኤም ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የቀረጹት ዩጎዝላቪያውያን ቀራጮች ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በዚያ ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ኖሯልና የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ለእሱ ፈጽሞ ባዕድ ምድር አይደለችም።

ማርያም በሐይቅ፣ ጊዮርጊስ በባሕር

ሁለቱን ቦታዎች ለማነጻጸር ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን መጎብኘት ይጠቅማል። በብሌድ ደሴት ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን ፍልሰት ስም የተሠራች ናት። ከጀልባ ወርዶ 99 የድንጋይ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በሠርግ ልማዱ ሙሽራው ሚስቱን ተሸክሞ ደረጃዎቹን ይወጣል፤ እሷ ደግሞ እስከ ላይ ድረስ መናገር የለባትም። ውስጥ ገብቶ የደወሉን ገመድ የሚስብ ሰው የተመኘው ይደርስለታል ይባላል። ትውፊቱ ባሏ በወንበዴ የተገደለባትን መበለት ያነሣል። መበለቲቱ ወርቅና ብሯን ሰብስባ ደወል አሠራች፤ ደወሉ ሲሻገር በማዕበል ሰጠመ፤ እሷም መነነች፤ ከሞተች በኋላ ሌላ ደወል ከሮም መጣ። ዛሬ የሚደወለው ደወል በ1534 የተሠራ ነው። የጣናን ገዳማት ለሚያውቅ ሰው በታንኳ ተሻግሮ ማርያምን መሳለም አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ግን የጀልባው ጉዞ፣ ደረጃው፣ ደወሉና መልሱ አንድ ላይ የተሰናዳ መስተንግዶ ነው፤ ቀዛፊው ተሳፋሪዎቹን ጠብቆ ይመልሳቸዋል።

የፒራን ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከኮረብታው ላይ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ደወል ቤቱ የተሠራው በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቬኒሱን የቅዱስ ማርቆስ ደወል ቤት አብነት አድርጎ ነው፤ ከፍታው 46.5 ሜትር ነው። ሰማዕቱ ከተማዋን ከማዕበል እንዳዳናት ስለሚታመን ጠባቂዋ ነው። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚሻገር ጀልባ፣ የሚጠብቅ ቀዛፊ የለም። መንገዱ የሚያልፈው በሰው ደጅ፣ ልብስ በተሰጣበት መስኮት ሥር፣ ድመት በተኛችበት ደረጃ ላይ ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው ጎረቤት ይጠይቃል።

የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት እዚህ ይታያል። ብሌድ በዙሪያዋ ሲሄዱ ትታያለች፤ ፒራን ውስጧ ሲገቡ ትገኛለች። ብሌድ ለዕረፍት፣ ፒራን ለትውውቅ ናት።

ከጓዝ ጋር ሲታሰብ

እንዲህ ያለው ሐሳብ ወደ ዕቅድ ሲለወጥ ዝርዝር ይፈልጋል። ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ እንበል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችና ከአገር ቤት የመጡ አያት። ስሎቬኒያ ከ2007 ጀምሮ በሸንገን ክልል ውስጥ ስለሆነችና ገንዘቧም ዩሮ ስለሆነ በጀርመን ወይም በጣልያን መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። አያት ሸንገን ቪዛቸው የሚያበቃበትን ቀን ብቻ ማየት አለባቸው።

ለዚህ ቤተሰብ ብሌድ ትሻላለች። ልጆቹ ሣር ላይ ይሮጣሉ፤ የመዋኛ ስፍራው ለሕፃን የሚመች ጥልቀት የሌለው ውሃ አለው፤ የሚከራይ ትንሽ ጀልባም አለ። አያት ሜዳውን መንገድ እንደ አቅማቸው ይሄዳሉ፤ ሲደክማቸው በየጥቂት እርምጃው አግዳሚ አለ። ከመዋኛ ውጭ ቀን ለማሳለፍ በአቅራቢያው የቪንትጋር ሸለቆ ይገኛል፤ በ1893 ለጎብኚ የተከፈተ፣ የራዶቭና ወንዝ በገደል መካከል የሚያልፍበት፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል የእንጨት መረማመጃ ያለው ቦታ ነው። ጉልበት ያለው ወላጅ ማለዳ 685 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ማላ ኦሶይኒትሳ ኮረብታ ወጥቶ ደሴቲቱን ከላይ ማየት ይችላል። ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ የበለጠ ትልቅና ያልተነካ ወደሆነው የቦሂን ሐይቅ ይሄዳል። ከዋና ከተማዋ ከሉብሊያና ብሌድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ አውቶቡስም ባቡርም ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የተራራ አየር ይለዋወጣል፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድና ዝናብ ይመጣል። ሹራብና የዝናብ ልብስ መያዝ ይገባል።

ፒራን ለዚህ ቤተሰብ ትከብዳለች። ዳርቻዋ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው፤ ውሃው ወዲያው ይጠልቃል። አሸዋ የሚፈልግ በአቅራቢያዋ ወዳለችው የሆቴሎችና የካዚኖ ከተማ ወደ ፖርቶሮዥ መሄድ አለበት። አሮጌው ከተማ ውስጥ የእንግዳ መኪና አይገባም፤ ከውጭ ባለው ማቆሚያ ትቶ በነጻው አውቶቡስ መግባት ነው። ሻንጣ በደረጃ መሸከምም አለ። ባቡር እስከ ኮፐር እንጂ ፒራን ድረስ አይደርስም።

ለሁለት ጓደኛሞች፣ ለባልና ሚስት፣ ወይም ልጆቻቸው ላደጉ ሰዎች ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ፒራን ላይ የሚኖረው ጊዜ በጉብኝት ዝርዝር አይሞላም። ጠዋት ገበያ፣ ከዚያ ዋና፣ ከሰዓት በኋላ ሴቾቭሊየ የጨው ኩሬዎች ወይም በስትሩኛን ገደሎች ላይ የእግር ጉዞ፣ ማታ አደባባዩ። የጣልያኗ ከተማ ትሪየስቴ ቅርብ ናት። ከሉብሊያና ወደ ፒራን በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለው የሽኮትስያን ዋሻ አለ።

የምግብም ነገር አለ። ጾመ ፍልሰታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከነሐሴ 7 እስከ 21 የሚውል ስለሆነ የበጋ ዕረፍታቸውን በዚያ ወቅት የሚወስዱ ብዙ ምእመናን አሉ። ፒራን የወይራ ዘይት፣ የቲማቲምና የአትክልት አገር ስለሆነች ጾመኛ አይቸገርባትም። በብሌድ ያ ዝነኛ ኬክ እስኪፈሰክ ይቆያል።

ሁለቱም የሚሰቃዩበት ሰዓት

በሐምሌና በነሐሴ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ብሌድም ፒራንም በሰው ይሞላሉ። አውቶቡሶች በቀን የሚጎበኙትን ያወርዳሉ፤ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ምግብ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን ቦታዎች የሚያያቸው በዚህ ሰዓት ነው፤ «ቆንጆ ነው፣ ግን ይጨናነቃል» ብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው። የቀን ጎብኚ ትንሽ ገንዘብ ትቶ ብዙ ጭንቅ ይፈጥራል፤ ለነዋሪውም ለራሱም አይጠቅምም።

የሁለቱም እውነተኛ መልክ የሚታየው ማለዳና ማታ ነው። ስለዚህ የምርጫው ቁልፍ «የት ልሂድ?» ከማለት «የት ልደር?» ወደ ማለት መሻገር ነው። ያደረ ሰው እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ገብቶ ያርፋል፤ ሕዝቡ ሲሄድ ይወጣል፤ ከነዋሪው ዳቦ ይገዛል፤ በሁለተኛው ቀን ሰላምታ ይለዋወጣል። አራት ሌሊት ካለ አራቱንም በአንድ ቦታ ማደር ይሻላል። ሌላውን ለሌላ ዓመት መተው ኪሳራ አይደለም፤ የአንዱን ቦታ ማለዳና ማታ በሙሉ ማግኘት ነው።

የእኔን ምርጫ ልናገር። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዞ ለሚጓዝ፣ ሥራ ላደከመው፣ ከሐዘን ወይም ከሕመም ለሚያገግም ሰው ያለ ማመንታት ብሌድን እመርጥለታለሁ። ሐይቁ ይህን ሙያ ከሪክሊ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ለሌላው ሁሉ ግን ፒራንን እመርጣለሁ። ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ፣ ከላንጋኖ እስከ ጣና በሐይቅ ዳር ማረፍ የምናውቀው ነገር ነው፤ ሰው ከባሕር ጋር ሰባት መቶ ዓመት ሠርቶ የኖረበትን ከተማ፣ ጨው የሠራውን ግድግዳ፣ መንግሥታት ሲፈራረቁ ሁለት ቋንቋ ይዞ የቀረውን ሰፈር ግን በየቦታው አናገኝም። ፒራን የመጣውን ሰው ሳትንከባከብ ወደ ኑሮዋ ታስገባዋለች፤ እዚያ ያደረ ሰው ሌሎች ሰዎች እንዴት ጸንተው እንደኖሩ ተምሮ ይመለሳል። ዕረፍት ከሥራ መልስ በየትም ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ትምህርት ግን ቦታው ድረስ ሄደው ካልኖሩበት አይገኝም፤ ለአራት ሌሊት ቢሆንም እንኳ።